የጣና ሰዓትና የሩቅ ደሴት ሰዓት

ከዘመድ መለየት የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው፤ የተለያዩት ዘመዳሞች የሚገናኙበት መንገድ ግን በየዘመኑ ይለዋወጣል። ቀድሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተላከ መልእክተኛ መልሱን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ስንትና ስንት ቀን ይቈጠር ነበር። ዛሬ ግን በጣና ዳር የተቀመጠች እናት በዓለም ዳርቻ ያለውን የልጇን ድምፅ በቅጽበት ትሰማለች። ይሁን እንጂ ርቀቱ ቢሸነፍም ሰዓቱ አልተሸነፈም። እኛ ስንነሣ እነርሱ ይተኛሉ፤ እኛ ለማዕድ ስንቀርብ እነርሱ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ከዚህም በላይ ከእነዚያ አገሮች አያሌዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚያዛውሩ፥ ትናንት ልክ የነበረው ስሌት ዛሬ ልክ አይሆንም። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት በዘመናችን ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ብናብራራው ለክቡራን አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ነገሩ ቀላል መስሎ ለሚታየው ሰው በቤታችን የሆነውን ብንነግረው ክብደቱን ይረዳዋል። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ አባታችን በባሕር ዳር በሚገኘው ቤታቸው በጽኑ ታመው ተኝተው ነበር። ከልጆቻቸው ሁሉ ታናሹ ወንድማችን በአውስትራልያ ሜልቦርን በምትባለው ከተማ በአንድ ፋብሪካ የማታ ሥራ እየሠራ ይኖራል። አባታችን ሌሊቱን ሲጨነቁ አድረው ጎሕ ሲቀድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ጧት በ2 ሰዓት ይነቁና ጥቂት አጥሚት ከቀመሱ በኋላ አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ አእምሯቸው እንደ ጤነኛ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ግን ትኵሳቱ ስለሚነሣባቸው ሰው መለየት እንኳ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ወንድማችን ወደ ሥራው ሳይገባ፥ በዚያ አገር አቈጣጠር ከቀትር በኋላ በ3 ሰዓት፥ በየቀኑ ይደውል ነበር። ይህም በባሕር ዳር ልክ ጧት 2 ሰዓት ነበር። ክረምቱን ሙሉ አባትና ልጅ በዚህች አንዲት ሰዓት ሲገናኙ ቈዩ።

መስከረም 25 ቀን እሑድ አልፎ ሰኞ ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። ወንድማችን እንደ ልማዱ በ3 ሰዓት ደወለ፤ ስልኩን ያነሣችው ታላቅ እኅታችን «ተኝተዋል፤ ጥቂት ቈይተህ ደውል» አለችው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቁ ያደሩትን ሽማግሌ ለመቀስቀስ ማንም አልደፈረም። ወንድማችን ደግሞ ጥቂት ቈይቶ መደወል አልቻለም፤ በ4 ሰዓት ከሥራው ይገባል፥ በዚያም ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አባታችን በ2 ሰዓት ነቅተው «ልጄ አልደወለም?» ሲሉ ጠየቁ። «ደውሎ ነበር፤ ተኝተው ነው» ቢሏቸው «በእርሱ ሰዓትማ መቼ ተኝቼ ዐውቃለሁ?» አሉ። ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ ሆነ።

ያገራችን ልማድ እንደሚታወቀው፥ በሩቅ አገር ላለ ሰው የሞት ወሬ በስልክ በድንገት አይነገርም። እዚያው ያሉ ወዳጆቹ ተሰብስበው፥ ማልደው ከቤቱ ሄደው መርዶውን እስኪነግሩት ድረስ ይደበቃል። ወንድማችንም «ተኝተዋል» የሚለውን ቃል ሦስት ቀን አከታትሎ ሲሰማ ሌላ ትርጕም ሰጠው። በዐራተኛው ቀን ደውሎ እያለቀሰ «እኅቴ፥ ስለ እመቤቴ ብለሽ አትደብቂኝ፤ አባቴ መቼ ነው ያረፉት?» አላት። በዚህ በኩል ደግሞ አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው «የሩቅ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሲሰለቸው ይተዋል» ማለት ጀምረው ነበር። አንዱ አባቱ የሞተ መሰለው፤ ሌላው ልጁ የረሳው መሰለው።

በአጠገባችን የነበረው የእኅታችን ልጅ ስልኩን ተቀብሎ «አጎቴ፥ አሁን በእናንተ ስንት ሰዓት ነው?» አለው። አጎቱም በእንባው መካከል «3 ሰዓት» ብሎ መለሰ። ልጁ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተ፤ ገና 1 ሰዓት ነበር። «እስከ ባለፈው ሳምንት በእናንተ 3 ሲሆን በእኛ 2 ነበር። አያቴ አልሞቱም፤ የተለወጠው የእናንተ ሰዓት ነው» አለው። ወንድማችን የሜልቦርን ሰዓት መለወጡን ያውቃል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ሁሉ በአባቱ ላይ ስለ ነበረ በባሕር ዳር የሚያመጣውን ልዩነት አላስተዋለውም። በዚያን ዕለት ሥራውን ትቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። አባታችን ሲነቁ ስልኩን አስያዝናቸው፤ «ልጄ፥ አንተ እኔን ስትጠብቅ፥ እኔ አንተን ስጠብቅ ሰነበትን» አሉት፤ ከዚያም መረቁት። ወንድማችን የሥራ አለቃውን ለምኖ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ እንዲገባ ስለ ተፈቀደለት፥ ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ይነጋገሩ ጀመር። አባታችን በኅዳር ወር ዐረፉ። ወንድማችን መርዶውን በወጉ ሰማ፤ ነገር ግን ምርቃቱን ተቀብሎ ነበርና ኀዘኑ ጸጸት አልነበረበትም።

ይህ እንዴት ሆነ? በሜልቦርንና በሲድኒ፥ በዙሪያቸውም ባለው ደቡብ ምሥራቃዊ የአውስትራልያ ክፍል፥ ኦክቶበር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሌሊት ሕዝቡ ሁሉ ሰዓቱን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል። ይህም በእኛ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንታት ይውላል። ኤፕሪል በገባ በመጀመሪያው እሑድ፥ ይኸውም ከመጋቢት 23 እስከ 29 ባለው ጊዜ፥ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ስለዚህ ሜልቦርን በአንዱ ወራት 7 ሰዓት፥ በሌላው ወራት 8 ሰዓት ትቀድመናለች። ፀሐይ በቦታዋ ናት፥ ምድርም እንደ ልማዷ ትዞራለች፤ የተለወጠው የሰው ስምምነት ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ጥንታዊ አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ ይኖር የነበረ ጆርጅ ሃድሰን የተባለ ሰው ከሥራ በኋላ ነፍሳትን እየሰበሰበ ያጠና ስለ ነበር፥ ከሥራ መልስ ብርሃን እንዲተርፍለት ሰዓት ወደ ፊት እንዲገፋ ሐሳብ አቀረበ። በ1907 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊሊያም ዊሌት የተባለ እንግሊዛዊ ቤት ሠሪ ሰዎች ፀሐይ ወጥታ ሳለች መስኮት ዘግተው መተኛታቸውን አይቶ ይህንኑ ሐሳብ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ጊዜው ግን የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመን የድንጋይ ከሰል ለመቈጠብ ብላ በ1916 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን ሰዓቷን ገፋች፤ እንግሊዝም በሚቀጥለው ወር ተከተለቻት። ዊሌት በ1915 ዐርፎ ስለ ነበር ሐሳቡ ሲፈጸም አላየም።

ለእነዚያ አገሮች ይህ ምክንያት አለው። በሎንዶን ከተማ በሙቀቱ ወራት ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በብርዱ ወራት ግን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በባሕር ዳር ግን የዓመቱ ረጅም ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል፥ አጭሩም 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ተኩል በታች ስለ ሆነ፥ ሰዓት ገፍቶ የሚገኝ ትርፍ የለም። ኢትዮጵያም ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ትኖራለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ እነርሱ «የበጋ ሰዓት» ብለው የሚጠሩት በኤውሮፓና በአሜሪካ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። ስለዚህ ዘመድ «በጋ ሲገባ ሰዓቱ ይለወጣል» ብሎ ቢነግረን የማን በጋ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ በቀር ሁለተኛ ልዩነት አለ፤ እርሱም የአቈጣጠር ነው። እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከንጋት ነው። ሌሊቱ አልቆ ቀን ሲጀምር 12 ሰዓት እንላለን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት ይሆናል። ይህ አቈጣጠር የቈየ ነው፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ እየተባለ የሚጸለየውም በዚሁ መሠረት ነው። ቀትር 6 ሰዓት፥ ተሰዓት 9 ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ የሚናገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችንም ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ይቈጥራሉ። ኤውሮፓውያን ግን ከመንፈቀ ሌሊት ስለሚጀምሩ በሁለቱ አቈጣጠር መካከል 6 ሰዓት አለ። በ1884 እ.ኤ.አ. በዋሽንግቶን በተደረገው ጉባኤ የእንግሊዝ አገር ግሪኒች የዓለም ሰዓት መነሻ እንድትሆን ተወሰነ፤ የእኛም ሰዓት ከግሪኒች በ3 ሰዓት ይቀድማል።

የእኅታችን ልጅ ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር መመርመር ስለ ወደደ፥ አንድ ቀን የዓለምን ካርታ ዘርግቶ ሎርድ ሃው የምትባል ደሴት አሳየን። ከአውስትራልያ ምሥራቃዊ ጠረፍ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር መካከል ትገኛለች። በስፋቷ ከእኛዋ ከደቅ ደሴት ብዙ አትለይም፤ ነዋሪዎቿም ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። የሰዓቷ ነገር ግን የሚያስደንቅ ነው። ሌሎች አገሮች በልማድ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲገፉ፥ እርሷ ግማሽ ሰዓት ብቻ ትገፋለች። በብርዱ ወራት ከሲድኒ በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች፤ የሙቀቱ ወራት ሲደርስ ሲድኒ 1 ሰዓት፥ ደሴቲቱ ግማሽ ሰዓት ይገፉና ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከባሕር ዳር ብንቈጥር፥ ደሴቲቱ በአንዱ ወራት በ7 ሰዓት ተኩል፥ በሌላው በ8 ሰዓት ትቀድመናለች ማለት ነው።

ይህን በሰማን ጊዜ «በግማሽ ሰዓት ምን ይጠቀማሉ?» ብለን ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩን ስንመረምር ግማሽ ሰዓት በእኛም ቤት እንዳለች ተረዳን። ያገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ላይ ነው፤ ይህም መስመር በኦጋዴን በኩል ያልፋል። ባሕር ዳር ግን ከዚያ በስተ ምዕራብ፥ በ37ኛው መስመር አጠገብ ናት። ምድር አንዱን መስመር በ4 ደቂቃ ስለምታልፍ፥ ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ላይ የምትደርሰው ሰዓታችን 6 ካለ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። እንዲሁም ፀሐይ ለጅጅጋ ከወጣች በኋላ ለጋምቤላ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሁለቱም ከተሞች ሰዓት ግን አንድ ነው። አንድ መንግሥት፥ አንድ መሥሪያ ቤት፥ አንድ ፍርድ ቤት በአንድ ሰዓት እንዲሠራ ሲባል ሁሉም ከፀሐዩ ጥቂት ጥቂት ትቶ ተስማማ።

በጥር ወር አንድ ጊዜ በጀልባ ወደ ደቅ ተሻግረን፥ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ጥላ በታች ዐርፈን ሳለ ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ሰዓታችን 6 ሲል በአጠገባችን የነበሩትን አንድ አረጋዊ መነኩሴ «አባ፥ ቀትር ሆነ መሰለኝ» ብንላቸው፥ ቆመው ጥላቸውን ተመለከቱና «ገና ነው፤ ጥላው አልተመለሰም» አሉን። ከ40 ደቂቃ ያህል በኋላም «አሁን ሆነ» አሉ። ያባቶቻችን ልማድ ጥላን በጫማ እየለኩ ጊዜን ማወቅ ነው፤ የጥላውም ልክ በየወሩ ይለያያል። በጣና አካባቢ በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 16 ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ ስለምትውል የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይጠፋል፤ በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት የክረምት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። መነኩሴው የፀሐይን ሰዓት ተናገሩ፤ እኛ የአገርን ሰዓት ተናገርን። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል፤ ነገር ግን «የማን ሰዓት?» ሳንባባል ብንከራከር ኖሮ እስከ ማታ ባልተስማማን ነበር። የአባታችንና የወንድማችን ነገርም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እንግዲህ ሰዓት የማዛወርን ዘዴ እንናገር። ሦስት እርምጃ ብቻ አለው። በመጀመሪያ የእኛን ሰዓት በ6 ጨምሮ ወደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መመለስ ነው። ጧት 2 ሰዓት 8 ይሆናል፤ ማታ 2 ሰዓትም እንዲሁ የማታ 8 ይሆናል። ሁለተኛ፥ ያ አገር ከእኛ ስንት ሰዓት እንደሚቀድም ወይም ወደ ኋላ እንደሚቀር ማወቅ ነው። ሦስተኛ፥ በዚያ ሳምንት የበጋ ሰዓታቸው ገብቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ሰው የሚሰናከለው ዘወትር በዚህ በሦስተኛው ነው።

በየጊዜው መደመርና መቀነስ ለሚሰለቸው ሰው አጭር መንገድ አለ። በዋሽንግቶን ላለ ዘመድ፥ የእኛ ሰዓት ከሚለው ላይ በሙቀታቸው ወራት 1፥ በብርዳቸው ወራት 2 መቀነስ ነው። በእኛ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግቶን በብርዱ ወራት ከቀትር በኋላ 1፥ በሙቀቱ ወራት ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። በሎንዶን ላለ ዘመድ በብርዱ ወራት 3፥ በሙቀቱ 4 መጨመር ነው። በሮማ፥ በበርሊንና በስቶክሆልም ላለ በብርዱ 4፥ በሙቀቱ 5 መጨመር ነው። በኢየሩሳሌም ላለ በብርዱ 5፥ በሙቀቱ 6 ነው። በሜልቦርንና በሲድኒ ላለ፥ በብርዳቸው ወራት 1፥ በሙቀታቸው 2 መጨመር ነው፤ የእነርሱ ሙቀት ግን ከመስከረም ማለቂያ እስከ መጋቢት ማለቂያ መሆኑ አይረሳ። በሎርድ ሃው ደሴት ዘመድ ያለው ሰው ቢገኝ፥ በብርዱ 1 ተኩል፥ በሙቀቱ 2 ይጨምር። በጅዳና በሪያድ ላሉት ግን ዓመቱን ሙሉ 6 ብቻ መጨመር ይበቃል፤ ሰዓታቸው ከእኛ ጋራ አንድ ነው፥ የሚለየው አቈጣጠሩ ብቻ ነው።

ደግሞም አገሮቹ ሰዓታቸውን የሚለውጡት በአንድ ቀን አይደለም። አሜሪካ ሰዓቷን የምትገፋው ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው እሑድ ሲሆን፥ ኤውሮፓ ግን ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው እሑድ ነው። ሲመለስም ኤውሮፓ በጥቅምት አጋማሽ ወይም ጥቂት ቈይታ ትቀድማለች፥ አሜሪካ በሳምንት ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ አንዱ ልጅ በዋሽንግቶን፥ ሌላው በሎንዶን ያለበት ቤት ሁሉንም በአንድ ጊዜ በስልክ ለማገናኘት ሲቀጥር፥ በእነዚህ ሳምንታት ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ከሰዓቱ ጋራ ቀኑም ይለወጣል። በእኛ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን በሜልቦርን ረቡዕ ገና ሳይነጋ ነው። ለዚህ ግን ቋንቋችን ከቀድሞ ጀምሮ መድኃኒት አዘጋጅቶልናል። የሌሊትን ነገር ስንናገር «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» እንላለን፤ ይህም ሌሊቱ ከየትኛው ቀን ተነሥቶ ወደ የትኛው ቀን እንደሚነጋ በአንድ ቃል ያስታውቃል። በኤውሮፓ አቈጣጠር «ረቡዕ ሌሊት 1 ሰዓት» የተባለ እንደ ሆነ ግን ያ ሌሊት ለእኛ ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በውጭ አገር ያደገ ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላልና፥ ወላጆች «አጥቢያ» የሚለውን ቃል ቢያስተምሩት ሠርግም ተዝካርም በተቀጠረ ጊዜ ከብዙ መደናገር ይድናል።

ይህን ሁሉ ካልን ዘንድ፥ በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ቢያደርገው የምንመክረውን በአጭሩ እንናገር። በቀን መቍጠሪያው ላይ በመስከረም ማለቂያ፥ በጥቅምት፥ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት፥ ዘመዱ ያለበት አገር ሰዓቱን የሚለውጥባቸውን እሑዶች አስቀድሞ ምልክት ያድርግባቸው። በተለይ በቤት ውስጥ የታመመ ሰው ወይም የሸመገለ አባት ሲኖር፥ ከእነዚያ እሑዶች አንድ ሳምንት ቀድሞ ዘመዱን ያስታውሰው። ቀጠሮ ሲሰጥም «በ2 ሰዓት» ብሎ አይተው፤ «በእኛ ጧት 2 ሰዓት» ወይም «በእናንተ ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት» ብሎ ሁለቱንም ይናገር፤ የሰማውም ሰው በራሱ አገር ሰዓት መልሶ ይናገረው። በዕድሜ የገፉት ወላጆች ስሌቱ ቢከብዳቸው፥ በቤት ያለ ተማሪ በወረቀት ጽፎ ከስልኩ አጠገብ ይለጥፍላቸው።

ከሁሉም በላይ፥ የሚወዱት ሰው በቀጠሮው ባይገኝ «ረሳኝ» ወይም «አንድ ነገር ደርሶበታል» ብሎ ከመፍረድና ከመጨነቅ በፊት «በእናንተ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም። በቤታችን ሦስት ቀን ሙሉ አባትና ልጅን ያለያየው ይህ አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ነበር፤ ያገናኛቸውም አንድ ልጅ ስለ ጠየቀው ነው። አንባቢዎቻችንም ይህን በቤታቸው ልማድ ያደርጉት ዘንድ አደራ እንላለን።